ምልክት የሌለበት ሩጫ ይሁንልን



ለፀደይ ሴሚስተር ዝግጅታችን ሁለት ሐሳቦች ቀርበዋል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንሰጥባቸዋለን። አንደኛው ኦክላንድ ሌክ ሜሪት ዙሪያ ቲሸርት ለብሰን የምንሮጠው አጭር ሩጫ ነው። ሐይቁን አንድ ጊዜ መዞር 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ለማዘጋጀት ይመቻል። ሙዚቃ ይኖራል፣ ፎቶ ይኖራል፣ ሲያልቅ ቴሌግራፍ ጎዳና ወጥተን ክትፎ እንበላለን። ሁለተኛው ከኦክላንድ በላይ ባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ በትናንሽ ቡድን ሆኖ፣ ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ መንገዱን ራስ እየመረጡ ከጠዋት እስከ ማታ መጓዝ ነው። ቀስት የለም፣ ጥብጣብ የለም፣ «በዚህ በኩል!» ብሎ የሚጮኽ አስተናባሪም የለም። ስልክ በፕላስቲክ ታሽጎ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚከፈተው ለአደጋ ብቻ ነው።

እኔ የሁለተኛው ደጋፊ ነኝ። በቡድን ቻታችን ላይ «እብደት ነው» የሚል መልስ ስለበዛ ሐሳቤን ዘርዘር አድርጌ ማቅረብ ፈለግሁ።

መጀመሪያ ስለ ሩጫ። እዚህ አገር ኢትዮጵያዊ ነኝ ያለ ሰው ሁሉ «ታዲያ ማራቶን ትሮጣለህ?» ተብሎ ተጠይቋል። አበበ በቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ድል ለኛ ክብር ነው፤ ግን አውቶቡስ ለመያዝ ሃምሳ ሜትር ሮጦ ለሚያለከልክ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሸክምም ነው። የፍጥነት ውድድር ስናዘጋጅ ደግሞ የሚሆነው የታወቀ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አገር አቋራጭ የሮጡት አራት አምስት ልጆች ፊት ይወጣሉ፤ ሌላው ቲሸርቱን ለብሶ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ካርታ ያለበት ጉዞ ይህን ይለውጠዋል። ፈጣኑ ልጅ የተሳሳተ ሸለቆ ውስጥ ሲገባ፣ ቀስ ብላ ካርታዋን ያነበበችው ልጅ ቀድማው ትደርሳለች። እግርም ዓይንም እኩል ይሠራሉ።

ፈጠራውም የኔ አይደለም። እንግሊዞች ዛፍ በሌለበት፣ ጉም በማይለየው ደጋቸው ላይ እንዲህ ሲሮጡ ኖረዋል። ቦብ ግራሃም የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 ሌክ ዲስትሪክት ውስጥ 42 ተራራዎችን በ24 ሰዓት ውስጥ አዳርሶ ወደ ተነሣበት ተመለሰ። ዛሬም ያንን ዙር የሚሞክር ሰው መንገድ የሚያሳየው ምልክት አይተከልለትም። እኛም እንዲህ ያለ ምድር አጥተን አይደለም። መንዝ ውስጥ ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቀው ጓሳ አለ፤ ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮ የሚሮጥበት ሳነቴ አለ። አትሌቶቻችንም ቢሆኑ የምናያቸው በቴሌቪዥን ጥቁር አስፋልት ላይ ስለሆነ ነው እንጂ፣ እንጦጦና ሱሉልታ ጫካ ውስጥ ሲለማመዱ ቀጥ ያለ መንገድ አይከተሉም። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ በአንድ መስመር ይከተሉታል። መሪው በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ፣ ሥርና ጉድጓድ እየዘለለ ይወስዳቸዋል። መንገዱ የሚገኘው እየተሮጠ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ የምንኖርበትን አገር አናውቀውም። ብዙዎቻችን ቤይ ኤሪያን የምናውቀው በአውራ ጎዳና ቁጥር ነው፤ 880፣ 580፣ 680። ኦክላንድ ያለነው ከሳን ሆዜ ልጆች ጋር ለመገናኘት በ880 እንወርዳለን፣ በ880 እንመለሳለን። በግራ በኩል ከሪችመንድ እስከ ሳን ሆዜ አብሮን የሚሄደው ተራራ ከመኪና መስኮት የሚታይ ሥዕል ሆኖብናል። ስልኩ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ሲለን እንታጠፋለን። ስልኩ የጠፋ ቀን ሰሜን የት እንደሆነ የሚያውቅ ስንታችን ነን?

የቀደሙት እንዲህ አልነበሩም። አጎቴ በዘጠናዎቹ ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ መቀመጫው ሥር «ቶማስ ጋይድ» የሚባል ወፍራም የካርታ መጽሐፍ ነበረው። ገጾቹ በቡና ነጠብጣብ የተሞሉ ነበሩ። አዲስ አበባ ያደገው የመንገድ ስም በማይታወቅበት ዘመን ነው፤ «ከፒያሳ ወረድ ብለህ፣ ከድልድዩ ከፍ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱን ጠይቅ» እየተባለ። ቁልቁለቱን፣ ወንዙንና ቤተ ክርስቲያኑን እያየ አቅጣጫ ያወቀ ሰው እዚህ መጥቶ ካርታ ማንበብ አልከበደውም። ዛሬ እሱም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ስልኩን ይከፍታል። ልማዱ በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው የጠፋው።

መንገድን በምልክት ማግኘት ለዚህ ተራራ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ከኦክላንድ በላይ ባለው ከፍታ፣ ዛሬ ሮበርትስ ፓርክ በሚባለው ቦታ፣ እጅግ ረጃጅም የሆኑ ሁለት የሬድዉድ ዛፎች ነበሩ። ቢቺ የሚባል እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ እ.ኤ.አ. በ1826 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ሲገባ ስለ እነዚህ ዛፎች ጽፏል። በአልካትራዝና በየርባ ብዌና ደሴት መካከል ብሎሰም ሮክ የሚባል ከውኃ በታች የተደበቀ አለት አለ፤ መርከበኞች በሩቁ የሚታዩትን ሁለቱን ዛፎች እያነጣጠሩ አለቱን ያልፉት ነበር። ዛፎቹ በ1850ዎቹ ለእንጨት ተቆረጡ፤ የአለቱ ጫፍ በ1870 በፈንጂ ፈረሰ። በየሳምንቱ ከሥሩ በመኪና የምናልፈው ኮረብታ በአንድ ዘመን የባሕር መንገደኞች ጂፒኤስ ነበር።

ሌላም አለ። እዚያ ተራራ ላይ የወጣ ሐበሻ መጀመሪያ የሚሸተው ባሕር ዛፍ ነው። እንጦጦ ያለህ ይመስልሃል። ታሪኩም ይቀራረባል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ ማገዶ መጣላት፤ እዚህ ደግሞ ሄቨንስ የሚባል ባለሀብት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኦክላንድን ኮረብታዎች ለእንጨት ንግድ ብሎ በባሕር ዛፍ ሸፈናቸው። እንጨቱ እየተሰነጠቀና እየተጣመመ ንግዱ ከሸፈ፤ ዛፉ ግን ቀረ። በጥቅምት 1991 እ.ኤ.አ. የኦክላንድ ኮረብታዎች ሲነዱ፣ 25 ሰዎች ሲሞቱና በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ሲወድሙ እሳቱን ካባባሱት አንዱ ይኸው ዛፍ ነበር። ይህን ሁሉ በእግር እየሄዱ ማወቅ ሌላ ነው።

መንገዱ የት ነው ለምትሉ፣ ኢስት ቤይ ስካይላይን የሚባለውን የእግር መንገድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከሪችመንድ ዋይልድካት ካንየን ተነሥቶ በቲልደን፣ በሲብሊ፣ በሃክልቤሪና በሬድዉድ ፓርኮች አልፎ በአንተኒ ቻቦ ፓርክ በኩል ካስትሮ ቫሊ አጠገብ ይደርሳል። ርዝመቱ 31 ማይል ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሲብሊ ላይ የጠፋ እሳተ ገሞራ አለ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ የምናቋርጠው ቦታ ላይ ደግሞ ከእግራችን በታች በካልደኮት ዋሻ ውስጥ መኪናው ይርመሰመሳል፤ ላይ ያለው ሰው አይሰማውም። ይህን መሬት ለሕዝብ ያቆዩት እ.ኤ.አ. በ1934፣ በዚያ የድህነት ዘመን፣ ለፓርክ ግብር እንከፍላለን ብለው ድምፅ የሰጡ ነዋሪዎች ናቸው። ዛሬ ግብሩን ወላጆቻችንም ይከፍላሉ፤ እንጠቀምበት።

«መንገዱ ላይ የፓርኩ ምልክቶች አሉ፤ ታዲያ ምኑ ነው ራስን መምራት?» የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚፈተነው የመንገድ ምርጫ ነው የሚል ነው። ጠዋት ላይ ለእያንዳንዱ ቡድን አሥር ኬላ የተመለከተበት ካርታ ይሰጣል። ኬላው ላይ የምንተክለው ነገር አይኖርም፤ ጥያቄ ብቻ ነው። «እዚህ መገናኛ ላይ ያለው በር ስንት አግዳሚ አለው?» የሚል ዓይነት። መልሱን የጻፈ ቡድን እዚያ ደርሷል። በኬላዎቹ መካከል ግን በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚወስነው ቡድኑ ነው። ሬድዉድ ፓርክን ውሰዱ። ስካይላይን ጌት ከሚባለው በር ላይ በምዕራብ በኩል አንድ ሸንተረር፣ በምሥራቅ በኩል ሌላ ሸንተረር፣ በመካከል ደግሞ ወንዙን ተከትሎ የሚወርድ መንገድ አለ። ኬላው ሸለቆው ውስጥ ከሆነ ወርደህ መልሰህ ትወጣለህ ወይስ ሸንተረሩን ይዘህ ዞረህ ትገባለህ? ጉልበትህ ስንት ይቀንሳል? በካርታው ላይ የከፍታ መስመሮቹ ሲቀራረቡ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሲራራቁ ለጥ ያለ ነው። ይህን ያላነበበ ቡድን በጉልበቱ ይከፍላል። ከመንገድ ወጥቶ በቁጥቋጦ መሹለክ ግን የተከለከለ ይሁን፤ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ፖይዝን ኦክ የነካው ሰው ሁለት ሳምንት ሲያክ ይከርማል፣ መዥገርም አለ።

ኮምፓስን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የኮምፓስ መርፌ የሚያሳየው የምድርን እውነተኛ ሰሜን አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። እዚህ ግን መርፌው ወደ ምሥራቅ 13 ዲግሪ ያህል ያጋድላል። ይህን ሳያስተካክል አንድ ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው ከአሰበው ቦታ ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። በጉም ውስጥ 200 ሜትር ሌላ ሸለቆ ነው።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ላንሳ። ስለ ተራራ አንበሳ የሚወራው ቀልድ ነው፤ የወላጆቻችን ስጋት ግን ቀልድ አይደለም። እናቴ ይህን ሐሳብ ስነግራት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የማያውቁህ ሰዎች ባሉበት ቦታ ምን ያስሮጥሃል?» አህመድ አርበሪ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ጆርጂያ ውስጥ ሲሮጥ ተሳድዶ መገደሉን የኛ ወላጆች አይተዋል፤ አልረሱትም። ጥቁር ወጣቶች በቡድን ሆነው፣ ካርታ ይዘው፣ በየበሩ ቆመው ሲጽፉ ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ አናውቅም። ይህን ስጋት «ጊዜው ተለውጧል» ብሎ ማለፍ ወላጆቻችንን መናቅ ነው።

ሆኖም ስጋቱ የመጀመሪያውን ሐሳብ አይደግፍም። ሌክ ሜሪት ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከተማ መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥጋ በመጥበሳቸው ብቻ ፖሊስ የተጠራባቸው ጥቁሮች ነበሩ። ሰው የሚያይህ ቦታ ሁሉ ደኅና አይደለም። ይልቅ የሚረዳው ዝግጅት ነው። ለፓርኩ አስተዳደር ከወራት በፊት ማሳወቅና የቡድን ፈቃድ መጠየቅ፣ የማኅበሩ ስም በትልቁ የተጻፈበት ማልያ መልበስ፣ በቀን ብርሃን መጀመርና መጨረስ፣ ማንም ብቻውን አለመሄዱ። ጥቁሮችን ወደ ተፈጥሮ ለማውጣት የተቋቋመው አውትዶር አፍሮ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው እዚሁ ኦክላንድ ነው፤ መንገዱን የጠረጉልን አሉ ማለት ነው። እኛ ቤት ቁጭ ካልን እነዚያ ኮረብታዎች ላይ ሐበሻ ማየት ሁልጊዜ እንግዳ ነገር ሆኖ ይቀጥላል።

ቡድኑ አራት ሰው ይሁን። ሦስት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አንዱ ቢጎዳ ግን አንድ ሰው አብሮት ይቆያል፣ ለእርዳታ የሚሄደው ደግሞ ብቻውን ይሆናል። አራት ከሆኑ ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። ሸለቆ ውስጥ ስልክ የማይሠራባቸው ቦታዎች ስላሉ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ሴቶች እህቶቻችን ቡድናቸውን ራሳቸው ይምረጡ እንጂ በዕጣ አይደልደሉ።

ቀኑን መምረጥ ከሁሉም ያስቸግራል። እዚህ ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ በዚያ ወቅት የኮረብታው ጭቃ ጫማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ከሰኔ በኋላ ሣሩ ይደርቃል፣ ሙቀቱ ይበረታል፤ መስከረምና ጥቅምት ደግሞ የእሳት ወራት ናቸው። የሚቀረው ሚያዝያ ገደማ ነው። ግን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመኛን 50 ኪሎ ሜትር ማስኬድ ግፍ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ እሱም መታየት አለበት። እሑድ ቅዳሴ አለ። የፈተናው ሳምንት ደግሞ ሜይ ላይ ይጠብቀናል። ስለዚህ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለው ቅዳሜ ነው የምለው። ከዚያ የተሻለ ያገኘ ያምጣ።

ሰዓቱን እናስላ። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ሕግ አለ፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ አንድ ሰዓት ገደማ። 50 ኪሎ ሜትር 10 ሰዓት ነው። በመንገዱ ሁሉ ተደምሮ 1,500 ሜትር ብንወጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጨመራል። ያለ ዕረፍት 12 ሰዓት ተኩል ሆነ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥተን ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ብንጨርስ 13 ሰዓት አለን (ሰዓቱ በኛ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ግን በፈረንጅ ይጻፍ፣ ያለዚያ ግማሹ ሰው እኩለ ቀን ላይ ይመጣል)። ለምሳና ለመሳሳት የሚቀረው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉውን መንገድ የሚወስደው ቡድን ቁልቁለቱንና ሜዳውን መሮጥ ግድ ነው፤ አስቀድሞ 25 ኪሎ ሜትር ተለማምዶ ያላሳየ ቡድን ባይመዘገብ ይሻላል። ለሌላው ሬድዉድ ፓርክ ውስጥ ብቻ የሚዞር አጭር ጉዞ ይዘጋጅ። ስካይላይን ጌት ላይ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያልደረሰ ቡድን እዚያው ይቁም፣ በመኪና ይወሰድ። በዚህ ላይ ይሉኝታ አይኑር። የሐበሻ ቀጠሮ ለሠርግ ይሆናል፤ ፀሐይ ግን ሙሽራዋን አትጠብቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ምግብ ላይ ብዙ አልናገርም። ሱቅ ውስጥ በትንሽ ፓኬት የሚሸጠውን ጣፋጭ ጄል የሚወድ ይግዛ። በሶ በውኃ በጥብጦ፣ ማርና ትንሽ ጨው ጨምሮ የያዘ ሰው አይደክምም፤ ቆሎም ኪስ ይሞላል። ውኃ ግን በየቦታው ስለማይገኝ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ይዞ ይነሣ፤ መካከል ላይ ደግሞ መኪና ያላቸው የቀድሞ ተማሪዎች ውኃ ይዘው ይጠብቁን።

የሳን ሆዜ ልጆች «ሁልጊዜ ኦክላንድ» ብላችሁ ማጉረምረማችሁን ሰምቻለሁ፤ እውነት አላችሁ። ባርት ቤሪየሳ ጣቢያን በ2020 ከከፈተ ወዲህ ግን ከሳን ሆዜ ሪችመንድ ድረስ ባቡር ሳትቀይሩ ትመጣላችሁ። ችግሩ ቅዳሜ የመጀመሪያው ባቡር የሚነሣው ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ዓርብ ማታ እኛ ጋ እደሩ። ፍራሽ እናነጥፋለን። ልምምዱን ደግሞ እኛ ወደ እናንተ እንምጣ፤ አለም ሮክ አለ፣ ወደ ማውንት ሃሚልተን ሲወጣ ጆሴፍ ግራንት ፓርክ አለ። የዘንድሮው ከተሳካ የሚመጣው ዓመት ጉዞ ለሁለታችንም መካከል ከሆነችው ከፍሪሞንት ይነሣ። የኦሎኒ መንገድ ከሚሽን ፒክ ሥር ተነሥቶ 28 ማይል ተጉዞ ሊቨርሞር አጠገብ ዴል ቫሌ ይደርሳል። በመካከሉ ያለው ሮዝ ፒክ 3,817 ጫማ ነው፤ ከዝነኛው ማውንት ዲያብሎ የሚያንሰው በ32 ጫማ ብቻ ነው፤ ግን ስሙን እንኳ የሰማ ሰው ጥቂት ነው። ለዚያ መንገድ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፤ ካርታውም ከፈቃዱ ጋር ይመጣል። ከባድ ስለሆነ ለመጀመሪያ ዓመት አልመክረውም።

ድምፁ ምንም ይሁን ምን፣ ከስብሰባው ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ስካይላይን ጌት ላይ ጠዋት 2 ሰዓት (በፈረንጅ 8) እንገናኛለን። ካርታ አሳትሜ አመጣለሁ፤ ኮምፓስ ሁለት አለኝ። ለመሞከር የምትፈልጉ ኑ። እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ በጉሙ እርጥበት ወረቀቱ ላይ ይፈሳል።